ዕጢው ሲወጣ ጡቱን በዚያው ማስተካከል፦ ለእህቴ የቀረበላት ምርጫ

የሞጣዋ

ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፈው በታላቅ እህቴ ጉዳይ ነው። እትዬ የ44 ዓመት ሴትና የሦስት ልጆች እናት ስትሆን ከሞጣ ወጣ ብሎ በሚገኝ ገጠር ትኖራለች፤ ባለቤቷ ካረፈ ወዲህ ቤቱንም እርሻውንም የያዘችው እሷው ናት። በግራ ጡቷ ላይ፣ ወደ ብብቷ በሚጠጋው የላይኛው ክፍል፣ እብጠት ወጥቶባት ስለማያማት ዝም ብላው ከረመች። በመጨረሻ ባሕር ዳር ሄደን ናሙና ሲወሰድ ካንሰር መሆኑ ተነገረን። ዕጢው በአልትራሳውንድ ሲለካ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በብብቷ ሥርም አንድ ንፍፊት ተገኝቶ ከእርሱ የተወሰደው ናሙና ካንሰሩ እንደደረሰበት አሳይቷል፤ ወደ ሳንባና ወደ ጉበት ግን አልተሻገረም ተብለናል።

ሐኪሞቹ በቅድሚያ ኬሞ እንድትወስድ፣ ከዚያም ዕጢው ምን ያህል እንደቀነሰ ታይቶ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላት ወስነዋል። ለቀዶ ሕክምናው ሁለት መንገድ ቀርቦልናል። አንደኛው ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማንሣት ነው። ሁለተኛው ዕጢውን በዙሪያው ካለው ጤናማ ሥጋ ጋር አውጥቶ፣ የቀረውን የጡት ክፍል በዚያው ማደንዘዣ መልሶ ማስተካከል ነው፤ ይህንኛውን ኦንኮፕላስቲክ ብለው ጠርተውታል።

ቤተሰቡ በነገሩ ተከፋፍሏል። አጎታችን «ለመልክ ብለን ዕድሜዋን አናሳጥርባት፣ ከነሥሩ ይውጣላት» ይላሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሥጋውን እያገላበጡ ሲያስተካክሉት የቀረ የካንሰር ቅንጣት ተሸፍኖ ይቀር ይሆን የሚለው ነው፤ ደግሞም ቁስሉ ሰፍቶ ቀጣዩን ሕክምና ቢያዘገይባትስ እላለሁ። እትዬ ራሷ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው፤ «እንስራ ማዘልና እንጀራ መጋገር እችል ይሆን?» ነው ያለችኝ። የምታውቁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ቀዶ ሐኪም ዘማርቆስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላት። በደብረ ማርቆስ የምሠራ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ነኝ። ታካሚዋን ሳላያት ይህን ምረጡ ማለት አልችልም፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ግን ማስረዳት እችላለሁ።

የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ለረጅም ዘመን ብዙ የቆረጠ ብዙ ያድናል በሚል እምነት ሲሠራ ኖሯል። አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስተድ እ.ኤ.አ. በ1882 የጀመረው ቀዶ ሕክምና ጡቱን፣ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብቱን ንፍፊቶች ጠራርጎ የሚያወጣ ነበር። ይህን እምነት የሰበሩት ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ናቸው። ሚላን ላይ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚና ባልደረቦቹ ከ1973 እስከ 1980 ድረስ ትንንሽ ዕጢ የነበረባቸውን 701 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንደኛው ወገን የሃልስተድን ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ፣ ለሌላው ዕጢው ያለበትን የጡት ሩብ ብቻ አውጥተው የጨረር ሕክምና ጨመሩለት። አሜሪካ ላይ ደግሞ በርናርድ ፊሸር የመሩት ሙከራ 1,851 ሴቶችን ያካተተ ሲሆን እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ዕጢ የነበረባቸውንም ይዟል። የሁለቱም የ20 ዓመት ውጤት በ2002 ሲታተም፣ ጡታቸው በተረፈላቸውና ሙሉ በሙሉ በተነሣባቸው ሴቶች መካከል በሕይወት በመቆየት ረገድ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ አጎትዎ የሚሉት «ከነሥሩ ይውጣ» በአዘኔታ የተነገረ ቢሆንም፣ ጡቱ በመነሣቱ ብቻ ዕድሜ ይረዝማል ማለት አይደለም።

ነገር ግን ጡትን ማትረፍ አንድ ነገር ነው፤ የተረፈው ጡት ምን ይመስላል የሚለው ሌላ ነው። ከጡቱ መጠን ከአምስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ከወጣና ቆዳው እንዲሁ ከተሰፋ፣ ቦታው ይሰረጉዳል፣ የጡቱ ጫፍም ወደ ጠባሳው ይጎተታል። ጨረር ሲጨመርበት ሥጋው ይጠነክራል፤ ጨረር ያገኘው ሥጋ ደግሞ ቁስሉ ቶሎ ስለማይጠግ ኋላ ላይ ላስተካክለው ቢሉ አስቸጋሪ ነው። ኦንኮፕላስቲክ የተባለው አሠራር የመጣው ከዚህ ነው። ስሙን ያወጡለት ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ቬርነር አውድሬች በ1990ዎቹ ነው። ፓሪስ ውስጥ የሚሠሩት ክሪሽና ክላውና ባልደረቦቻቸው ደግሞ በ2010 አሠራሩን በሁለት ደረጃ ከፍለውታል፤ ከጡቱ 20 በመቶ በታች የሚወጣ ከሆነ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ከቆዳው አላቅቆ ማቀራረብ ይበቃል፣ ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚወጣ ከሆነ ግን ትርፍ ቆዳ ቆርጦ፣ ጫፉን ወደ አዲስ ቦታ አዛውሮ፣ ጡቱን አነስ አድርጎ እንደ አዲስ መቅረጽ ያስፈልጋል። ይህ ሁለተኛው የሚሆነው ጡታቸው መካከለኛ ወይም ትልቅ ለሆነ ሴቶች ነው። ጡቷ ትንሽ ለሆነ ሴት የጎደለውን ከደረት ጎን ወይም ከጀርባ በሚመጣ ሥጋ መሙላት ይቻላል፤ የጀርባን ጡንቻ ወደ ደረት ማዞርን ጣልያናዊው ኢጂኒዮ ታንሲኒ ገና በ1906 ጽፈውበታል።

ስለ መዘግየት የጠየቁት ተገቢ ሥጋት ነው። የተስፋፋ ስፌት ሊመረቅዝ፣ የተዛወረ ስብ ሊሞት፣ አልፎ አልፎም የጡቱ ጫፍ ደም ሊያጥረው ይችላል፤ ስኳር ባለባቸውና በሚያጨሱ ሴቶች ላይ ይህ ይበዛል። ቁስሉ ሳይድን ኬሞ ስለማይጀመር፣ ኬሞው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከ3 ወር በላይ ሲዘገይ ደግሞ ውጤቱ እንደሚከፋ ስለታወቀ፣ እኛ ቀዶ ሐኪሞች በዚህ ቀልድ አናውቅም። በእህትዎ ጉዳይ ግን ኬሞው ቀድሞ የሚሰጥ ስለሆነ ሥጋቱ ይቀላል፤ ቁስሉን የሚጠብቀው በዋናነት ጨረሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ይጠይቁ፦ ዕጢው ያለበት ቦታ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ምልክት ተደርጎበታል? ኬሞ ዕጢውን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል፤ ያን ጊዜ የትኛውን ቦታ እንደምንቆርጥ የሚነግረን ቀድሞ የተደረገው ምልክት ብቻ ነው።

የቡሬው መምህር

ዶክተር፣ ለማብራሪያዎ እግዜር ይስጥልኝ። ሆኖም ሚላንና አሜሪካ የተደረገው ሙከራ የጨረር መሣሪያ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል አጠገብ በሚገኝበት አገር የተደረገ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በእኛ አገር የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሌሎች ሆስፒታሎች ቢጨመሩም የወረፋውን ነገር የቆመበት ያውቀዋል። የቅርብ ዘመዴ ዕጢው ብቻ ወጥቶላት፣ ጨረሩን ስትጠብቅ ስትጠብቅ፣ ሕመሙ በዚያው ጡት ላይ ተመልሶባታል። ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላት ወገን ጨረሩ የግድ መሆኑን አስቀድሞ አላስረዳትም፤ ወረቀት ሰጥቶ ሸኛት እንጂ።

ስለዚህ የልጅቱ አጎት የተናገሩትን እንዲህ በቀላሉ ባንተወው እወዳለሁ። ቆላና ደጋ ወርዳና ወጥታ ለምትኖር ሴት፣ አንድ ጊዜ ተቆርጦ የሚያልቅ ሕክምና ከሚመላለስ ሕክምና ይሻላታል። መልክ ሕይወት ካለ በኋላ የሚታሰብ ነው።

ሲስተር ዘጣና

በባሕር ዳር በካንሰር ሕክምና ክፍል የማገለግል ነርስ ነኝ። መምህር የተናገሩት ስለ ጨረር እስከሆነ ድረስ እውነት ነው፤ እንዲያውም ቁጥሩ ከእርሳቸው ጋር ይቆማል። ዶክተሩ በጠቀሱት የፊሸር ሙከራ ውስጥ ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር ካልወሰዱት ሴቶች መካከል በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ በ39.2 በመቶው ላይ ካንሰሩ በዚያው ጡት ተመልሷል፤ ጨረር በወሰዱት ላይ ግን 14.3 በመቶ ነው። ጡት የማትረፍ ቀዶ ሕክምና፣ ማስተካከያ ተጨመረበትም አልተጨመረበትም፣ ያለ ጨረር ግማሽ ሕክምና ነው።

መደምደሚያቸውን ግን አልቀበልም። ጡቷ ሙሉ በሙሉ የተነሣላት ሴት ሁሉ ከጨረር ታመልጣለች ማለት አይደለም። ዕጢው ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከነበረ፣ ወይም አራትና ከዚያ በላይ የብብት ንፍፊቶች በካንሰሩ ከተያዙ፣ ጡቱ ተነሥቶም ደረቱ ላይ ጨረር ይሰጣል፤ ከአራት በታች ሲሆንም በብዙ ሁኔታ ይመከራል። የየሞጣዋ እህት ንፍፊቷ ተይዟል ተብሏል። እንግዲህ በሁለቱም መንገድ ቢሄዱ አዲስ አበባም ሆነ ጨረሩ በሚሰጥበት ሌላ ከተማ መድረሷ ሳይቀር አይቀርም፤ ወረፋውን ፈርተን ጡቱን ብናነሣው ጡቱም ሄዶ ወረፋውም ሊጠብቀን ይችላል።

እኔ የምመክረው የጨረሩን ወረፋ ለማስያዝ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ አለመጠበቅ ነው። ኬሞው እየተሰጠ ሳለ የሪፈር ወረቀቱን አስጽፋችሁ፣ የናሙናውን ውጤትና የአልትራሳውንዱን ወረቀት አባሪ አድርጋችሁ ጉዳዩን አስጀምሩት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላት ሪፈሩ ከታችኛው ጤና ተቋም ጀምሮ ሳይቆራረጥ መሄዱን አረጋግጡ፤ አንድ ማኅተም ጎድሎ ከመስኮት የተመለሱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ጨረሩ ራሱ ቀድሞ 25 ጊዜ፣ አምስት ሳምንት ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ ለብዙ ታካሚዎች 15 ወይም 16 ጊዜ፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ይበቃል። ማረፊያ ለሌለው ታካሚ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያሳርፍበት ቤት ስላለው ቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል።

ሌላው ሁልጊዜ የምናገረው ነው። ጸበል መጠመቅ የምትፈልግ ታካሚ ትጠመቅ፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ግን ውሃ አይንካው፣ የኬሞ ቀጠሮም በሱባኤ ምክንያት አይለፍ። አጨዳ ደርሶብኛል ብላ ቀጠሮ የምታልፍም አትጠፋም፤ ለአጨዳው ደቦ ይጠራ። ንፍፊት በወጣበት ወገን ባለው ክንድ ላይ ደግሞ ዋግምት ማስደረግ፣ መብጣትና መተኮስ ፈጽሞ አይገባም፤ ቁስሉ መርዞ ክንዱ ለዘለቄታው ሊያብጥ ይችላል።

የላብራቶሪው ሰው

የሞጣዋ፣ የቀረ ካንሰር ተሸፍኖ ይቀራል ወይ ላሉት ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በአብዛኛው የእኛ ክፍል ነው። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ከጤናማ ሥጋ ጋር ሲያወጣ ቁራጩ ላይ ክር ያስርበታል፤ ለምሳሌ አጭሩ ክር የላይኛውን፣ ረጅሙ ክር የውጪውን ጎን ያመለክታል። እኛ ደግሞ የቁራጩን ገጽ በቀለም እንቀባና በስሱ እየከተፍን በማይክሮስኮፕ እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የአሜሪካ የቀዶ ሕክምናና የጨረር ሐኪሞች ማኅበራት የጋራ መመሪያ መሠረት፣ ሥር ሰድዶ ለወጣ ካንሰር በቀለሙ ላይ የካንሰር ሴል ካልተገኘ ጠርዙ ንጹሕ ነው ይባላል። ገና ከወተት ቱቦው ውስጥ ላልወጣ ካንሰር ግን 2 ሚሊ ሜትር ርቀት ይፈለጋል።

የኦንኮፕላስቲክ አንዱ ጥቅም ይህ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ጡቱን እንደሚያስተካክለው ስለሚያውቅ ሰፋ አድርጎ ለመቁረጥ እጁ አይፈራም። ጣጣውም እዚያው ነው። ጠርዙ ንጹሕ አልሆነም ብለን ከጻፍን፣ ሥጋው ተዛውሯልና የቀረው ቅንጣት የትኛው ላይ እንዳለ ማግኘት ይቸግራል፤ አንዳንዴ መጨረሻው ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማንሣት ይሆናል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ዕጢው በነበረበት ጉድጓድ ግድግዳ ላይ፣ ሥጋውን ከማዛወሩ በፊት፣ ትንንሽ የብረት ቅንጥቦችን እንዲተው ይጠበቃል። እነዚህ ቅንጥቦች ለጨረር ሐኪሙም ተጨማሪው ጨረር የሚያርፍበትን ቦታ ያሳዩታል። ጡቱን ለማሳነስ ከሌላ ቦታ የተቆረጠ ሥጋ ካለም እያንዳንዱ በየራሱ ዕቃ፣ ከየት እንደወጣ ተጽፎበት ይምጣ፤ ሁሉ በአንድ ላስቲክ ተጨምሮ ሲመጣ እኛ ነቢይ አይደለንም።

የተቆረጠውን ሥጋ ተሸክሞ የሚጓዘው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ስለሆነ ይህን ልብ በሉ። ዕቃው አፉ ሰፊ ይሁን፤ ፎርማሊኑ ከሥጋው በብዙ እጥፍ፣ አሥር እጥፍ ገደማ ይሁን። ሥጋው ከወጣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ ሲዘገይ የሆርሞን ተቀባዩ ምርመራ ይሳሳታል፣ በሆርሞን የሚያድግ ዕጢ እንዳልሆነ ተቆጥሮም እንደ ታሞክሲፌን ያለ ለዓመታት የሚወሰድ መድኃኒት ሳይታዘዝላት ሊቀር ይችላል። በንጹሕ ውሃ ወይም በአረቄ ተነክሮ የደረሰን ሥጋ ምንም ልናደርግለት አንችልም።

ወለተ ማርያም

እኔ ጡቴ ሙሉ በሙሉ የተነሣልኝ ሴት ነኝ፤ ሕክምናውን ጨርሼ በሕይወት ስላለሁ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። መምህር «መልክ ሕይወት ካለ በኋላ» ያሉትን አንብቤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሌላ መንገድ አለ ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ፊርማዬን የሰጠሁት በወረፋ መካከል፣ ቆሜ ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ በኩል ጨርቅ ጠቅልዬ እሞላለሁ፤ ጨርቁ ክብደት ስለሌለው በሌላው ወገን ያለው ይጎትተኝና አንገቴና ትከሻዬ ያመኛል። ለቅሶ ቤት ደረት ሲመታ ጨርቁ እንዳይወድቅ በነጠላዬ ሥር በእጄ እይዛለሁ። ይህ ጌጥ አይደለም።

የሚገርመው የበለጠ የሚያስቸግረኝ የጡቱ አለመኖር ሳይሆን የስፌቱ ጫፍ ነው። በብብቴ ሥር ትርፍ ቆዳ ተቋጥሮ ስለቀረ ከክንዴ ጋር እየተፋተገ በቆላ ሙቀት ይላጣል። ኋላ ያየኝ ሐኪም ጡት ሲነሣም ደረቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ያለ ትርፍ ቆዳ መዘጋት እንዳለበት፣ ይህም ራሱ ሙያ እንደሆነ ነገረኝ። እንግዲህ የየሞጣዋ እህት በመጨረሻ ጡቷ እንዲነሣ ብትመርጥ እንኳ አዘጋጉን ትጠይቅ።

ጡት መልሶ ማሠራትንም ጠይቄ ነበር። ጨረር ስለወሰድሁ ሲሊኮን ቢቀመጥልኝ በዙሪያው ጠባሳ እየጠነከረ ሊጨመድደው እንደሚችል፣ የሚሻለው ከሆድ ወይም ከጀርባ ሥጋ ማምጣት እንደሆነ ተነገረኝ። ሌላ ትልቅ ቀዶ ሕክምና አልፈለግሁም፤ ተውኩት። መተዌን የመረጥሁት ግን እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያውን የመረጠልኝ ሌላ ሰው ነበር።

የዳንግላው ገበሬ

ባለቤቴ ከአንድ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ዕጢው ወጥቶላት ጎዶሎው ከጀርባዋ በመጣ ጡንቻ ተሞልቶላታል። እትዬ ለጠየቁት መልስ የምሰጠው ቤት ውስጥ ካየሁት ነው።

እንጀራ ትጋግራለች፤ ምጣዱ ላይ ሊጡን ስታዞር ክንዷ አያስቸግራትም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጀርባዋ ላይ ውሃ እየቋጠረ በመርፌ እየተቀዳ ስለነበር ማዘል ተከልክላ ነበር። አሁን ታዝላለች፣ ነገር ግን እንደ ድሮው ሙሉ ጀሪካን አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው ወደ ታች በሚጎትት ሥራ ነው፤ ከጉድጓድ ውሃ በገመድ ስትስብ ያ ክንድ ቶሎ ይደክማል፣ በሙቀጫ ስትወቅጥም ዘነዘናውን ለማውረድ ሌላውን ክንድ ታስቀድማለች። ጡቷን ስታይ ደስ ይላታል፤ ጀርባዋን ግን ለማንም አታሳይም።

ሐኪሙ አስቀድሞ የጠየቃት ስለ ልብስና ስለ ጠባሳ ነበር። ጎተራ የሚሞላው በማን ክንድ እንደሆነ የጠየቀን የለም፤ እኛም መናገር እንዳለብን አላወቅንም ነበር።

ቀዶ ሐኪም ዘማርቆስ

የዳንግላው ወንድሜ የጻፉት ከመጽሐፍ ይልቅ የሚያስተምር ነው። የጀርባው ጡንቻ ክንድን ወደ ታችና ወደ ኋላ የሚስብ ስለሆነ ያዩት ድካም የሚጠበቅ ነው። ጡንቻውን ሳይነኩ በደረት ጎን ያለውን ቆዳና ስብ ብቻ ከነደም ሥሩ አዙሮ ጎዶሎውን መሙላት የሚቻልበት መንገድም አለ፤ የእትዬ ዕጢ በላይኛው የውጪ ክፍል ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ አመቺ ቦታ ላይ ነው። ደግሞ የሚሻለው ምንም ከሌላ ቦታ ሳይመጣ የራሷን የጡት ሥጋ ማቀራረብ ነው፤ ኬሞው ዕጢውን ካሳነሰው ይህ በቂ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ብብቱ ስለሚነካ ክንዷን ማንቀሳቀስ ግን በየትኛውም መንገድ ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጀምሮ በልኩ መለማመድ አለባት።

መንገዱ ጨርሶ የማይሆንላቸውም አሉ። ጡቱ በሙሉ ቀልቶና ትኩስ ሆኖ፣ ቆዳው ወፍሮ ቀዳዳ ቀዳዳ ከሆነ፣ ያ የካንሰር ዓይነት ከኬሞው በኋላ ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማንሣት ይፈልጋል። ካንሰሩ በጡቱ ውስጥ በሰፊው በተበታተነባቸውና ቀድሞ ደረታቸው ላይ ጨረር በወሰዱ ሴቶችም ዘንድ እንዲሁ ወደ ማንሣት እናደላለን።

መምህር ላነሡት ደግሞ፣ ጨረር ማግኘት በእርግጥ የማትችል ታካሚ ብትመጣብኝ ጡቱን ማንሣት የተሻለ ነው እላለሁ። ይህ ግን የሚባለው ጨረሩ ተጠይቆ ከታጣ በኋላ ነው።

የቡሬው መምህር

ወለተ ማርያም፣ ስለ ለቅሶ ቤቱ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብሁላት፤ «አንተ ወንድ ነህ፣ ምን ታውቃለህ» አለችኝ። ስለ መልክ የጻፍሁትን መልሼ ወስጃለሁ። ስለ ወጪው ግን አንድ ነገር እላለሁ፤ ማስተካከያው በመንግሥት ሆስፒታል በዚያው ማደንዘዣ ሲሠራ አንድ ነገር ነው፣ ፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ፍለጋ ወደ ግል ክሊኒክ ሲኬድ በሬ ያሸጣል። ሲስተር ከሪፈሩ ጋር ይህንንም አስቀድመው እንዲጠይቁላቸው ቢነግሯቸው መልካም ነው።

ሲስተር ዘጣና

ትክክል ነው። ብዙዎቹን የማቀራረብ ሥራዎች የሠለጠነ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ብቻውን ይሠራቸዋል፤ ሥጋ ከሌላ ቦታ ሲመጣ ነው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም የሚጨመረው። «ማን ይሠራዋል፣ በዚያው ሆስፒታል ነው ወይስ በሌላ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ወጪው የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው።

የሞጣዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጻፋችሁትን ለእትዬ አነበብሁላት። የዳንግላውን ወንድማችንን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና «ከጀርባዬ አይንኩ፣ የቀረውን እነሱ ያውቃሉ» አለች። አጎታችን ጨረሩ በሁለቱም መንገድ እንደማይቀር ሲሰሙ ሐሳባቸውን አላልተዋል።

ዶክተር፣ ስለ ምልክቱ ደውዬ ጠይቄ ነበር። ዕጢው ውስጥ የሚቀመጠው የብረት ምልክት ለጊዜው በክፍሉ እንደሌለ፣ ኬሞው ግን በመጪው ሳምንት እንደሚጀመር ነገሩኝ። ምልክቱ እስኪገኝ እንጠብቅ? ደግሞ ሌላኛው ጡቷ ከተስተካከለው ጋር እኩል ባይሆንስ?

ቀዶ ሐኪም ዘማርቆስ

ለምልክቱ ብላችሁ ኬሞውን አታዘግዩ። ምልክቱ ከሌለ በሌላ መንገድ ይያዛል። ኬሞው ሳይጀመር አልትራሳውንድ የሚያነሣው ሐኪም ዕጢው ከጡቱ ጫፍ በስንት ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በሰዓት አቀማመጥ በስንት ሰዓት ላይ፣ ከቆዳው በምን ያህል ጥልቀት እንዳለ በጽሑፍ ያስቀምጥ። ከዚያ እትዬ በጀርባዋ ተኝታ ክንዷን ከራስጌ እንዳደረገች ዕጢው በቆዳው ላይ በማይለቅ ቀለም ተከቦ ፎቶ ይነሣ፤ ቀለሙ የተከበበበት ዙሪያ በመርፌ በሚገባ ነጥብ ቢነቀስ ደግሞ ወራትም ያልፈዋል፤ ንቅሳት ለጎጃም ሴት እንግዳ አይደለም። በየሁለት ዙሩ አልትራሳውንዱ ይደገም፤ ዕጢው በፍጥነት እየጠፋ ከሆነ ምልክቱ ከሌላ ሆስፒታል ተፈልጎም ቢሆን ሳይጠፋ ይቀመጥለት።

ሌላኛውን ጡት በተመለከተ፣ ጨረር ያገኘው ጡት ቀስ እያለ ስለሚያንስና ስለሚጠነክር ልዩነቱ ወዲያው አይታወቅም። አንዳንዶች ሁለቱንም በአንድ ቀን ያስተካክላሉ፤ እኔ ግን ጨረሩ አልቆ ወራት ካለፉ በኋላ፣ ልዩነቱ ካስጨነቃት ብቻ፣ ጤነኛውን ማሳነስን እመርጣለሁ። ለቀዶ ሕክምናው ስትገባ መስመሩ የሚሠመረው ቆማ ወይም ቀጥ ብላ ተቀምጣ ሳለ መሆኑን አስታውሷቸው፤ ስትተኛ ጡቱ ወደ ጎን ስለሚፈስ በተኛችበት የተሠመረ መስመር ስትነሣ ቦታውን ይስታል። የዕጢው ፎቶና ልኬት ደግሞ በእርስዎ ስልክ ብቻ እንዳይቀር፤ ታትሞ በካርዷ ውስጥ ይግባ፣ አንድ ቅጂም ከሪፈሩ ጋር ይያያዝ።